የልጄን ክብደት የጠየቀችው ፋርማሲ፣ ከገዛሁት ቴርሞሜትርና ሽሮፕ ጋር

የአንድ ዓመት ከስምንት ወር ሴት ልጄን ባለፈው ጥቅምት ሦስት ሌሊት አተኮሳት። በእነዚያ ሌሊቶች የተጠቀምሁባቸውን ዕቃዎች፣ ማለትም አንድ ዲጂታል ቴርሞሜትር፣ አንድ ጠርሙስ የፓራሲታሞል ሽሮፕና አንድ መርፌ የሌለው ስሪንጅ፣ የገዛሁት ጅማ መርካቶ አካባቢ ካለች አንዲት ጠባብ ፋርማሲ ነው። አስተያየቴም ስለ ዕቃዎቹ ብቻ ሳይሆን ስለ መስተንግዶው ጭምር ነው። ባለቤቷን ስላላስፈቀድሁ የፋርማሲዋን ስም አልጠቅስም። ለሦስቱ ዕቃዎች በጠቅላላ ያወጣሁት ገንዘብ ከአንድ ኪሎ ቡና ዋጋ ብዙም አይርቅም፤ ጅማ ተቀምጦ ዋጋን በቡና መመዘን ነውር አይመስለኝም።

ከዚያ በፊት የነበረኝ መለኪያ የእጄ ጀርባ ነበር። ልብስ ሳጥብ ቆይቼ ግንባሯን ስዳስስ እሳት ሆና አገኛታለሁ፤ ከምድጃ ሥር ተነሥቼ ስዳስሳት ደግሞ ደህና ትመስለኛለች። እጅ ትኩሳት መኖሩን ሊጠረጥር ይችላል፤ ስንት እንደሆነ፣ ከሁለት ሰዓት በፊት ከነበረው መጨመሩን ወይም መቀነሱን ግን መናገር አይችልም። መድኃኒት አሰጣጤም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ባለፈው ዓመት ክረምት ከአንድ ሌላ መድኃኒት ቤት የትኩሳት ሽሮፕ ስጠይቅ ሻጩ የማን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ አንድ ጠርሙስ አወጣና «በቀን ሦስት ጊዜ አንድ አንድ ማንኪያ» ብሎኝ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ። ሳላዝዘውም አሞክሳሲሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ጨምሮ አቅርቦልኝ ነበር። የጠርሙሱን ጽሑፍ ያነበብሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 250 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል የያዘ፣ ለትልልቅ ልጆች የሚሆነው ዓይነት ነበር።

በመርካቶዋ ፋርማሲ የተቀበለችኝ ወጣት ባለሙያ መደርደሪያውን ከመንካቷ በፊት «እህቴ፣ ስንት ኪሎ ናት?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። የክትባት ካርዷ ላይ የተጻፈው የወራት ዕድሜ ያለው ስለሆነ አልጠቀመኝም። ባለሙያዋ በሩ አጠገብ ያለው የትልቅ ሰው ሚዛን ላይ ልጅቷን እንዳዘልሁ አቆመችኝና 69 ብላ መዘገበች፤ ከዚያ ልጅቷን ለረዳቷ አስይዛ ብቻዬን መዘነችኝ፤ 58። ልዩነቱ 11 ኪሎ ሆነ። ከኋላዬ ወረፋ የያዙ ሁለት ሰዎች ሲያጉረመርሙ ሰምቻለሁ፤ እርሷ ግን አልቸኮለችም።

ያስረዳችኝን በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። የሕፃን ፓራሲታሞል የሚለካው በዕድሜ ወይም በማንኪያ ሳይሆን በክብደት ነው፤ ለአንድ ኪሎ በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ይሰጣል። ለ11 ኪሎ ልጅ ይህ ከ110 እስከ 165 ሚሊ ግራም ይሆናል ማለት ነው። የሰጠችኝ ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም ስለያዘ 5 ሚሊ ሊትር ለልጄ በቂ ነው። ያ የዓምናው ባለ 250 ሽሮፕ በተመሳሳይ መጠን ቢሰጣት ግን ለአንድ ኪሎ ከ22 ሚሊ ግራም በላይ ይደርሳታል። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ላይጎዳት ይችላል፤ በየጊዜው እየተደጋገመ ለቀናት ሲሰጥ ግን የሚጎዳው ጉበትን ነው። ባለሙያዋ በእስክሪብቶ ሳጥኑ ላይ «11 ኪሎ፣ 5 ሚሊ፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀንና ሌሊት ከ4 ጊዜ አይበልጥም» ብላ ጻፈችበት። ለጉንፋን የሚሸጡ አንዳንድ ሽሮፖችም ፓራሲታሞል ስላለባቸው ሁለቱን ደርቤ እንዳልሰጥ፣ አስፕሪንም ለልጅ ፈጽሞ እንዳላስጠጋ አስጠነቀቀችኝ። ይህ ሁሉ ምናልባት ስድስት ደቂቃ ፈጅቶ ይሆናል። ለእኔ የዚያች ፋርማሲ ትልቁ ሸቀጥ እነዚያ ስድስት ደቂቃዎች ናቸው።

ወደ ቴርሞሜትሩ ልለፍ። ጫፉ ብረት፣ ቀሪው ነጭ ፕላስቲክ የሆነ፣ በአንዲት ትንሽ ክብ ባትሪ የሚሠራ ተራ ዕቃ ነው። ጫፉ ብብት መሐል ላይ ቆዳን ነክቶ፣ ክንዷ ወደ ደረቷ ተጠግቶ መያዝ አለበት፤ በሸሚዝ ላይ ከተቀመጠ የሚለካው ሸሚዙን ነው። የምትወራጭ ሕፃን ክንድ ይዞ መቆየት ቀላል ስላልሆነ እኔ ጡት እያጠባሁ መለካትን ለምጃለሁ። ንባቡ አልቋል ብሎ ሲጮህ ወዲያው ማውጣት ያጓጓል፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ስጨምርበት ግን ቁጥሩ በ0.2 ወይም በ0.3 ከፍ ሲል ደጋግሜ ስላየሁ አሁን ጩኸቱን ብዙም አላምነውም። በጤና ጣቢያዎች በሚሠራበት የሕፃናት ሕክምና መመሪያ በብብት ሲለካ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ይባላል፤ ፓራሲታሞል የሚሰጠው ደግሞ 38.5 ሲደርስ ነው። በመካከሉ ያለው ትኩሳት ልጅቷን ካላስጨነቃት ፈሳሽ እየሰጡ መጠበቅ ይበቃል። የመድኃኒቱ ዓላማ ቁጥሩን ማውረድ ሳይሆን ልጅቷ እንድትጠጣና እንድትተኛ ማድረግ ስለሆነ፣ ተኝታ ላብ ብሏት ከሆነ ለሽሮፕ ብዬ አልቀሰቅሳትም።

በመጀመሪያው ሌሊት ይህ ዕቃ ክፉኛ አስደንግጦኛል። ቤታችን ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚያወጣው የጅሬን አቀበት ላይ ነው፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መብራት ጠፍቶ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ በስልክ መብራት ቴርሞሜትሩን ሳየው 101.8 ይላል። አብረውን ያሉት አማቴ ከትከሻዬ በላይ አጎንብሰው አዩና «መቶ? የምን መቶ?» አሉ፤ እኔም መልስ አልነበረኝም። ለካ ሕፃኗ ቀን ስትጫወትበት ቁልፉን ተጭና ስለቆየች መለኪያው ከሴልሺየስ ወደ ፋራናይት ተቀይሯል። ከቁጥሩ አጠገብ ያለችውን ደቃቅ ፊደል እስካይና ቁልፉን ይዤ እስክመልሰው ድረስ ያለፈው ጊዜ ረጅም ነበር፤ ትክክለኛው ንባብ 38.8 ነበር። ተመሳሳይ ዕቃ ያላችሁ ወላጆች 98.6 ማለት 37፣ 100.4 ማለት 38፣ 101.3 ማለት 38.5 እንደሆነ በሳጥኑ ላይ ብትጽፉ እንዲህ ያለ ሌሊት አያገኛችሁም። የመመሪያው ወረቀት በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም አንድ ቃል የለበትም፤ አስመጪዎች ቢያንስ አንዲት ገጽ ለምን እንደማያስተረጉሙ አይገባኝም።

አማቴ አሰንዳቦ ቤታቸው ያለውን አሮጌ የብርጭቆ ቴርሞሜትር ያወድሳሉ፤ ባትሪ አያስፈልገውም ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ውስጡ ያለው ሜርኩሪ ነው፤ ሲሰበር ወለል ላይ የሚንከባለለው ፍሬ እንፋሎቱ መርዝ ነው። ስለ ሜርኩሪ የተደረገው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት ከ2020 እ.ኤ.አ. በኋላ እንዲህ ያሉ ቴርሞሜትሮች እንዳይመረቱና እንዳይነገዱ የወሰነውም በዚህ ምክንያት ነው። በኮሮና ጊዜ በየበሩ ግንባራችን ላይ ይደቀን የነበረው ደግሞ ከተኛች ልጅ ላይ ሳይነካ ለመለካት የሚመች ቢሆንም፣ ላብና የክፍሉ ቅዝቃዜ ንባቡን ስለሚያዛቡት፣ ዋጋውም ብዙ እጥፍ ስለሆነ አላስፈለገኝም።

ስለ ሽሮፑ ብዙ የምለው የለም። የእንጆሪ ጣዕም ያለው ስለሆነ ልጄ ሳትታገል ትወስደዋለች፤ ይህ ደግሞ ራሱን የቻለ አደጋ ነውና ጠርሙሱን የማስቀምጠው ቁም ሣጥን አናት ላይ ነው። አብሮት የሚመጣው የፕላስቲክ ክዳን ላይ ያሉት ምልክቶች በሻማ ብርሃን አይታዩም። ስሪንጁ ግን ፍጹም የተለየ ነገር ነው። በማግስቱ ከጉጉት የተነሣ ወጥ ቤት ያሉኝን ሁለት የሻይ ማንኪያዎች በስሪንጁ ውኃ እየሞላሁ ለካኋቸው፤ አንዱ 4 ሚሊ ሊትር፣ ሁለተኛው ወደ 7 ያዘ። «አንድ ማንኪያ» የሚለው ትእዛዝ በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ አንድ ትርጉም የለውም ማለት ነው። የስሪንጁን ጫፍ ወደ ጉሮሮዋ ሳይሆን በጉንጯ በኩል አስገብቶ በትንሽ በትንሹ መግፋት ትን እንዳይላት ይረዳል። ከሰጠኋት በኋላ አንድ ሰዓት ገደማ ቆይቼ ስለካ ከ38.8 ወደ 37.6 ወርዳ አገኘኋት። ሙሉ በሙሉ አልወረደም፤ መውረድም የለበትም። ውኃ ጠየቀች፣ ጠባች፣ ተኛች።

ከአማቴ ጋር የነበረንን ክርክርም አልዘለውም፤ የእርሳቸውን ክርክር ብዙ ቤቶች ያውቁታልና። «ምች ነው የመታት፤ ፀሐይ ላይ ምግብ አብልተሻት ነው» አሉኝ፤ ዳማ ከሴ ቆርጠው መጥተው በመዳፋቸው ሲያሹት ሽታው ክፍሉን ሞላው። እግሯን ሲቀቧት አልተቃወምሁም፤ ጭማቂውን በቡና አድርገው ሊያጠጧት ሲሉ ግን እጃቸውን ይዤ «እማማ፣ እሷ ገና ሕፃን ናት፤ ቡናውን ለእኛ እናፍላው» አልኋቸው። ጋቢውንም ከላይዋ ገፈፍሁት። ላብ ያወጣታል ተብሎ በጋቢ ላይ ጋቢ መደረብ ሙቀቱ እንዳይወጣ ያፍነዋል እንጂ አያድናትም፤ አንድ ስስ ልብስና አንድ ነጠላ በቂ ነው። በሌላው ጽንፍ ያለው ጎረቤታችን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አስቀምጧት ብሎን ነበር። ቀዝቃዛ ውኃ ቆዳን አስደንግጦ ያንቀጠቅጣል፤ መንቀጥቀጡ ደግሞ ሙቀቱን ወደ ውስጥ መልሶ ይጨምረዋል። አረቄ ወይም አልኮል መቀባት ከሁሉ የከፋ ነው፤ በቆዳም በትንፋሽም ይገባል። ለብ ባለ ውኃ በተነከረ ጨርቅ መጥረግ ጉዳት ባይኖረውም ጥቅሙ ጥቂት ነው፤ ልጄ አልቅሳ ስለጠላችው በሁለተኛው ሙከራ ተውሁት።

በማግስቱ ጠዋት 37.1 ለካሁ። ልጅቷ አጥሚቷን ጠጥታ ከድመቷ ጋር ስትሯሯጥ ዋለች። በዚያ ቀን ሌሊትም ምንም አልነበረም። እኔም በቴርሞሜትሩ እየተኩራራሁ አበቃ ብዬ ተቀመጥሁ፤ የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ትልቁ ስሕተቴም ይኸው ነው። በሦስተኛው ቀን ሌሊት ትኩሳቱ በብርድ ብርድ ማለት ጀምሮ ተመለሰ፤ 39.3 ደረሰ። ቴርሞሜትር ትኩሳቱ ስንት እንደሆነ እንጂ ከምን እንደመጣ አይናገርም፤ በወባ አገር የምንኖር ሰዎች ደግሞ ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ደም ማስመርመር እንዳለብን ከልጅነታችን ጀምሮ ሲነገረን ኖሯል። ጥሩ መለኪያ ስለገዛሁ ያንን ምክር ረሳሁት።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሁለተኛ ጠርሙስ ሽሮፕ ለመግዛት፣ እውነቱን ለመናገር አንቲባዮቲክም ለመጠየቅ፣ ወደ ፋርማሲዋ ወረድሁ። ያቺው ባለሙያ ነበረች። ሌሊት ሌሊት ሰዓቱን፣ ዲግሪውንና የሰጠሁትን ሽሮፕ የመዘገብሁባትን ወረቀት አየችና ትኩሳቱ አንድ ቀን ዘሎ መመለሱ ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ከከተማ ወጥታችሁ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ከአሥራ ስድስት ቀን በፊት አሰንዳቦ፣ ከግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ብዙ በማይርቀው የአማቴ ቤት፣ ሁለት ሌሊት አድረን ነበር፤ አጎበር አልወሰድንም። «ደሟ ሳይታይ አንቲባዮቲክ አልሰጥሽም፤ ሽሮፑም ገና አላለቀም፤ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ» አለችኝ። ገንዘቤን በእጄ ይዤ ሸቀጥ ሳልገዛ የወጣሁበት፣ ግን እጅግ የረካሁበት ብቸኛ ሱቅ ይህ ነው።

ጤና ጣቢያ ከጣቷ ጠብታ ደም ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ወባ ሆኖ ተገኘ፤ ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት። በክብደቷ ልክ ለሦስት ቀን የሚወሰድ ክሎሮኪን ታዘዘላት። ይህ ዓይነት ወባ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል፣ ያንን ለመከላከል ስለሚሰጠው ተጨማሪ መድኃኒትም የጤና ጣቢያው ባለሙያ ለይቶ ነገረን። ወረቀቴን ተቀብሎ ሲያነብ ያለ ብዙ ጥያቄ ሲረዳኝ ሳይ፣ ያቺ በልጆች ደብተር ቅዳጅ ላይ የተጻፈች መዝገብ ከቴርሞሜትሩ እኩል ዋጋ እንዳላት ተረዳሁ። የመጨረሻው ትኩሳት ክሎሮኪኑን በጀመረች በሁለተኛው ሌሊት መጣ፤ 38.1 ብቻ ነበር፤ ሽሮፕም አላስፈለጋትም።

ሽሮፕና ቴርሞሜትር ይዞ ቤት መጠበቅ የማይቻልባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ ባለሙያዋ በመጀመሪያው ቀን ነግራኝ ስለነበር ሌሊቱን ሙሉ እነርሱን ሳያይ ዓይኔ አልተከደነም። መጠጣት ወይም መጥባት ካቃታት፣ የወሰደችውን ሁሉ ካስመለሰች፣ ከእንቅልፍ አልነቃ ካለች ወይም ከፈዘዘች፣ አንገቷ ከደረቀ፣ ትንፋሿ በደቂቃ 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ስትተነፍስ የደረቷ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሽንቷ ለረጅም ሰዓት ከጠፋ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው። ሦስት ወር ያልሞላው ጨቅላ ደግሞ ከነጭራሹ የቤት ሙከራ አይደረግበትም። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያሉ ጥቂት ልጆችን ትኩሳት ሰውነታቸውን ያንዘፈዝፋቸዋል፤ ያኔ በጎኗ አስተኝቶ ሰዓት ማየት እንጂ አፏ ውስጥ ማንኪያ መክተት፣ ክብሪት ለኩሶ ማሽተት ወይም እጅ እግሯን አጥብቆ መያዝ አይገባም። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም የመጀመሪያዋ ከሆነ ሐኪም ሊያያት ግድ ነው። ለዚህ ሲባል ከእኛ ሰፈር ሌሊት ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሚያወርደን የአንድ የምናውቀው ባለባጃጅ ቁጥር ከሽሮፑ ሳጥን ጋር ተለጥፏል።

ፋርማሲዋ እንከን የላትም አልልም። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ትዘጋለች፤ ትኩሳት ደግሞ ቀጠሮ የሚይዘው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ዕቃዎቹ መገዛት ያለባቸው ልጅ ደህና በሆነችበት ቀን ነው። መቀመጫ የለም፤ ሕፃን የታቀፈ ሰውም ከሲጋራ ገዥ ጋር እኩል ደረጃው ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ የጎኑ ሱቅ ወረፋ ከፋርማሲዋ ወረፋ ጋር ይቀላቀላልና። የቴርሞሜትሩ የባትሪ ክዳንም በጥፍር የሚከፈት ልል ነገር ነው። ያቺ ክብ ባትሪ በሕፃን ጉሮሮ ውስጥ ከተቀረቀረች ሥጋ የምታቃጥል ስለሆነች ክዳኑን በፕላስተር ሁለት ዙር ጠምጥሜዋለሁ። ልጄ ሰሞኑን አሥራ ሁለት ኪሎ ሳትሞላ አትቀርም፤ የሽሮፑ ሳጥን ላይ ግን አሁንም 11 ነው የሚለው። ቅዳሜ ገበያ ስወርድ ያ ሚዛን ላይ እንደገና አዝያት እቆማለሁ።